የ«ሃ» ክፍል ቁልፍ

ሮትራውት ኤንደርላይን ወደ ግራ ትከሻዋ ዞር ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለችና የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው የእህቷ ልጅ ኢሞገን የእንቁላሏን አናት በማንኪያ እየሰበረች ፈገግ ብላ «አመሰግናለሁ አክስቴ» አለቻት። የሮትራውት እጅ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ ቀረ።

«አይባልም» አለች።

«ምኑ?»

«አመሰግናለሁ የሚባለው። ፈተና ለሚሄድ ሰው እንትፍ ሲባልለት ዝም ብሎ ነው የሚቀበለው። ካመሰገነ ዕድሉን በር ድረስ ሸኘው ማለት ነው።»

«እና አሁን እኔ ሸኘሁት?»

«አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ላንቺ አይቆጠርም» አለች ሮትራውት። እንዲህ ስትል ግን ራሷንም አላሳመነችም። ኢሞገን ሳቀችና «እማዬ እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም» አለች። የእናትየዋ ስም ሲነሳ ሁለቱም ወደ እንቁላላቸው አጎነበሱ።

ኢሞገን ከሊድስ፣ ከእንግሊዝ አገር ከመጣች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎን ካለው ተዘርጊ ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ከቫዮሊን ተለቅ የምትለው ቪዮላዋ ከራስጌዋ፣ ጫማዋ ከበሩ ሥር፣ ልብሷ ደግሞ የሮትራውት የክረምት ካፖርቶች ባሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተጨናንቆ ተሰቅሏል። ሮትራውት ብቻዋን መኖር የለመደች ሴት ናት፤ ሆኖም በዚህ ሳምንት ትኩስ ዳቦ በየማለዳው እየወረደች ገዝታለች፣ ለአንድ ሰሃን እንጆሪ አራት ዩሮ ተኩል ሳትከራከር ከፍላለች። ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሮትራውት የምትሠራበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ኮንሰርቫቶሪው፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ጀማሪ አይቀበልም፤ እሷ ደግሞ በነሐሴ ወር ሃያ ስድስት ዓመት ትደፍናለች። ሊድስ ውስጥ ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር፤ ሥራውን ለቃ ነው የመጣችው። ዘንድሮ ለቪዮላ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ የዛሬው ፈተናም የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያነሱትም። እናቷ አኔግሬት ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወለችም።

ኢሞገን የጫማዋን ክር እያሰረች ቀና አለች። «አክስቴ፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? እዚህ በሌላ መንገድ የሚደረግ፣ በሌላ ስም የሚጠራ?»

ሮትራውት ሰዓቷን እያየች የምሳ ዳቦዋን በወረቀት እየጠቀለለች ነበር። «እንደምታውቂው ጻፊ» አለቻት። «ሙዚቃ የትም አገር ሙዚቃ ነው።» በዚህች ንግግሯ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትረግም ዋለች።

እኛ የግራይፈንታል ሰዎች ኮንሰርቫቶሪውን «ቤቱ» ነው የምንለው። ሰው «ልጄ ቤቱ ገባች» ካለህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቤቱን የመሠረተችው የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከካልሲ ሱቅ በላይ ባሉ ሦስት ክፍሎች፣ በአሥራ አንድ ተማሪ ተጀመረ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያን ዘመን ይህ ከተማውን ያንጫጫ ነገር ነው። መሥራቿ ከተማዋን ስለምታውቅ አንድ ደንብ አወጣች፦ ተፈታኝ ሁሉ በቁጥር እንጂ በስም አይፈተንም፤ ፈታኞቹ ድምፅ ሰጥተው እስኪጨርሱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ማንም አይነግራቸውም፤ መጫወቻው መድረክም በመጋረጃ ይጋረዳል። ይህ ደንብ ሁለት ንጉሣዊ ዘመን፣ ሁለት ጦርነት፣ አራት መንግሥት አልፎ እስከ ዛሬ አለ። የከንቲባ ልጅ ወድቆበታል፣ የዳይሬክተሩ የወንድም ልጅም ወድቆበታል። በጦርነቱ ማብቂያ ጣሪያው በቦምብ ሲነድ ተማሪዎቹ አሥራ ሰባት ፒያኖ ተሸክመው መንገዱን ተሻግረዋል፤ በቀጣዩ ክረምት ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ለትምህርቱ አንድ ጡብ ከሰል ይዞ ይመጣ ነበር፣ ከሰሉ ምድጃ ውስጥ ነዶ እስኪያልቅ ይማራል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። ሮትራውት ይህን ታሪክ ስታወራ የተሸከመችው እሷ ራሷ ይመስል ትከሻዋን ታሻሻለች።

እሷ የምትሠራው በሩ አጠገብ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፍ ትሰጣለች፣ ቁልፍ ትቀበላለች። ከጀርባዋ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚንጠለጠሉትን ቁልፎች ያየ ሰው ቤቱ ምን ምን እንደሚያስተምር ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ከላይ በነሐስ ምልክት የተለዩት የኦርጋንና የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ክፍሎች ናቸው፤ ሃይማኖት በማይወደድበት ዘመን «የድሮ መሣሪያ ጥናት» ተብለው ስማቸውን ለውጠው ተርፈዋል። ከሥራቸው የባለ ክር መሣሪያዎች፣ ከዚያ የኦፔራ ክፍል፤ የዘፋኞቹ ቁልፍ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፣ ወሬ ስለማይጠግቡ። ከዚያ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የጃዝ ክፍል የሆነው የድሮው የከሰል ማከማቻ፣ የቅዳሜ የሕፃናት ክፍል። የማታው ክፍል ደግሞ አለ፤ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ነርስና የጥርስ ሐኪም ከሥራ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚማሩበት። ከሁሉ አዲሱ የአረጋውያን ቤቶች ሙዚቃ ነው፤ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ወደ መጦሪያ ቤቶች እየሄዱ ስማቸውን ከረሱ ሽማግሌዎች ጋር የልጅነት ዘፈናቸውን ይዘፍናሉ። ሮትራውት የዚህን ክፍል ቁልፍ ስትሰጥ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ከታች፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ምድር ቤት ያሉት ጠባብ የመለማመጃ ክፍሎች አሉ። ስማቸው በድምፅ ፊደሎች ነው፤ በሮቻቸው ላይ ግን ፊደል ሳይሆን ድምፁ በኖታ ተሥሏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ሌላው ዓለም ቢ ብሎ የሚጠራትን ነጭ የፒያኖ ቁልፍ እኛ ሃ እንላታለን። ቢ፣ በእኛ አፍ ቤ፣ የምንለው ከጎኗ ያለችውን ጥቁሯን ነው። ለምን ብትለኝ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ደክሞት የነበረ ጸሐፊ አንዱን ፊደል በሌላ አሳስቶ ገለበጠ ይላሉ፤ እኛም ስህተቱን ከማረም ይልቅ አክብረን ይዘነዋል። ስለዚህ በየጥቅምቱ ከውጭ የሚመጡ አዳዲስ ተማሪዎች የቢን ቁልፍ ይጠይቃሉ፣ ሮትራውትም የጠየቁትን ትሰጣለች፣ እነሱም የሃን በር ሲታገሉ ታገኛቸዋለች። ወርዳ ትስቅባቸውና ትከፍትላቸዋለች።

በዚህ መስኮት ለመቀመጥ ያበቃትም ከእነዚሁ ቁልፎች አንዱ ነው። በ1990 ክረምት፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው ድንበር በተከፈተ በጥቂት ወሩ፣ በቤቱ የሁለተኛ ዓመት የቪዮላ ተማሪ የነበረችው እህቷ አኔግሬት ለሁለት ሳምንት ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። እናታቸው አልጋ ላይ ነበረች። አኔግሬት የትምህርት ቤቱን ቪዮላ ሃ ክፍል ውስጥ ከነሳጥኑ ትታ፣ ቁልፉን ግን በካፖርቷ ኪስ ረስታ ሄደች፤ ከሦስት ወር በኋላ ከእንግሊዝ በፖስታ ላከችው፣ ያለ ደብዳቤ። ሮትራውት ቁልፉን ይዛ ወደ ቤቱ መጣች፣ ስለ እህቷ ይቅርታ ጠየቀች። የዚያን ጊዜው ሽማግሌ ዘበኛ አዘነላትና ወንበር ሰጣት፣ ቡና ቀዳላት፤ ረዳት እንደሚፈልግም ነገራት። ከዚያ ወንበር ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት አልተነሳችም። እናታቸው በዚያው ዓመት ሞተች። እህትማማቾቹ በየገና በዓሉ ይደዋወላሉ፤ ሊድስ እንደሚዘንብ፣ ግራይፈንታል እንደሚበርድ ይነጋገራሉ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተፈታኞቹ ሰልፍ እስከ ውጭው ደረጃ ደረሰ። ኢሞገን ሃያኛ ወይም ሃያ አንደኛ ላይ ነበረች። ሮትራውት በመስታወቱ ውስጥ አየቻት፤ ቀድማ ልትጠራት አሰበች፤ ሆኖም ቁልፍ በመጡበት ተራ ነው የሚሰጠው፣ ስም በቀለም ነው የሚጻፈው፣ ይህን ለዳይሬክተሩ ልጅም አላጠፈችውም። የልጅቷ አክስት መሆኗን ለማንም አልተናገረችም፤ የአባት ስማቸውም አይገናኝም። ኢሞገን አርባ ደቂቃ ቆማ ደረሰች። «እንደምን አደሩ» አለች እንደማንኛውም ተፈታኝ። «ዴ ክፍል፣ ግማሽ ሰዓት» አለቻት ሮትራውትም እንደማንኛውም ተፈታኝ፣ የቁጥር ሃያ ሦስትን ወረቀት ከቁልፉ ጋር አሻግራ። ትንሽ ቆይቶ ከምድር ቤቱ የቪዮላ ድምፅ በደረጃው ወጣ። ሮትራውት ሙዚቃ ተምራ አታውቅም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ግን ሰምታለች፣ ሰውን በእግሩ ኮቴ እንደምትለየው ሁሉ ጥሩውን ከክፉው ትለየዋለች። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠች። ሰልፍ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ልጆችም ወደ ደረጃው ዞሩ።

ይህን ችሎታ ከየት አመጣችው ቢባል መልሱ አስቂኝ ነው። ሊድስ ያለው ትምህርት ቤቷ መሣሪያ ሲያድል ቫዮሊኑም ዋሽንቱም ተወስዶ ያለቀው ከእሷ በፊት ነበር፤ ማንም ያልፈለገው ቪዮላ ቀረ። ቤት ይዛው ስትገባ እናቷ አየችው፣ ተነስታ ከክፍሉ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ልምምድ ስትጀምር አኔግሬት ወይ ሱቅ ትሄዳለች ወይ ልብስ ታጥባለች። ልጇን የአገሯን ቋንቋ አስተምራታለች፣ በደንብ አድርጋ፤ ኢሞገን ስትናገር የግራይፈንታል የገበያ ሴት የምትናገር ነው የሚመስለው፣ ያውም የድሮዋ። የሙዚቃ ቃል ግን አንድም አልነገረቻትም።

ቀትር ላይ የጽሑፉም የመጫወቱም ፈተና አብቅቶ ሁለቱ ፈታኞች የአዳራሹን ቁልፍ ለመመለስ መጡ። አንደኛዋ የቫዮሊን መምህሯ ሄንሪኬ ናት፣ ሌላው ተፈታኙ የሰማውን ድምፅ በስሙ የሚጽፍበትን የጆሮ ፈተና ያዘጋጀውና ያረመው ወጣቱ ቲልማን። ሰነፍ አይደለም፣ ግን አርባ አንድ ወረቀት በአንድ ሰዓት ያረመ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሮትራውት ቁልፉን መዝገብ ላይ እየጻፈች ነበር።

«ሃያ ሦስት ያሳዝናል» አለች ሄንሪኬ። «ስትጫወት ማስታወሻ መያዝ ረሳሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

«ጆሮዋ ግን ወድቋል» አለ ቲልማን። «ከሃያ አሥራ አራት። ማለፊያው አሥራ አምስት ነው፤ በአንድ ነጥብ።»

«እንዲህ የምትጫወት ልጅ ጆሮ የላትም ትለኛለህ?»

«ስድስቱም ስህተት አንድ ዓይነት ነው፣ የሚገርመው። ሃ ባለ ቁጥር ቤ ብላ ጽፋለች። ግማሽ ድምፅ ዝቅ። የቪዮላ ተጫዋች ሁለት ጆሮ ለምን ተሰጠው? መነጽር ለማንጠልጠል።»

«ሂድ እንግዲህ፣ ይሄን ለቪዮላዎቹ ንገራቸው» አለች ሄንሪኬ ሳትስቅ። «ከየት እንደሆነች ባውቅ። የከተማችን ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ እንዴት አደራችሁ ስትል የአያቴ ድምፅ ነው የመሰለኝ።» ተያይዘው ወደ ምግብ ቤቱ ሄዱ።

ሮትራውት እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። በመዝገቡ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ወደቀ፤ በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያዋ። ምን እንደተፈጠረ ከሁለቱ መምህራን ቀድሞ የገባው ለእሷ ነው። ልጅቷ ድምፁን በትክክል ሰምታ በምታውቀው ስም ጻፈችው። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ያንን ፊደል ሲያይ የሚታየው ጥቁሯ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ሌላ ሊታየው አይችልም። ቲልማን ከፊቱ ካለው መልስ ጋር እያስተያየ በቀይ ሰረዘው። የቁጥሩ ደንብ ደግሞ ከየት መጣሽ ብሎ እንዳይጠይቅ አሰረው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ማስቆም የምትችለው ሴት ጠዋት ዳቦ እየጠቀለለች «እንደምታውቂው ጻፊ» ብላታለች። በየጥቅምቱ ያንን የምድር ቤት በር እየከፈተች የምትስቀው እሷ፣ ለገዛ እህቷ ልጅ አልነገረቻትም። በሦስት ዩሮ ከአርባ ሳንቲም የገዛችው የድንች ሾርባ ከፊቷ ቀዘቀዘ።

ወጥታ ብትናገር «ሃያ ሦስት የእህቴ ልጅ ናት፣ ከእንግሊዝ ነው የመጣችው» ማለቷ ነው። በዚያች ቃል የመሥራቿ ደንብ ይፈርሳል፤ ኢሞገንም ብትገባ በዘበኛዋ አክስቷ የገባች ትባላለች፣ አራት ዓመት ይህንን ተሸክማ ትማራለች። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ነገ ባቡር ተሳፍራ ወደ ዳቦ ቤቷ ትመለሳለች። ሮትራውት ሾርባውን ገፋ አድርጋ ተነሳች። መስኮቱ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ካርድ አቆመች፤ ካርዱ በመሳቢያ ውስጥ ብዙ ከመቀመጡ የተነሳ ዳሩ ቢጫ ሆኖ ነበር።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ዛይፈርት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከትንሿ ኦርጋን ፊት ተቀምጠው ዳቦ በአይብና በቀይ ሥር ይበሉ ነበር። ተማሪ የሚፈራቸው፣ ጫማቸው ሲሰማ ኮሪደሩ የሚጸዳላቸው ሰው ናቸው። ሮትራውትን በሩ ላይ ሲያዩ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ወይዘሮ ኤንደርላይን፣ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። «የመጣሁት ስለ ቁልፍ ነው» አለች። «ምድር ቤት ያሉትን ክፍሎች ያውቋቸዋል። በየጥቅምቱ ከውጭ የሚመጡት ልጆች የቢን ቁልፍ ስጪኝ ይሉኛል። እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ሄደው የሃን በር ይታገላሉ። ልጁ አልተሳሳተም፣ ቁልፉም አልተበላሸም፤ ስሙ ነው የተምታታው።»

ፕሮፌሰሩ ዳቧቸውን ጉልበታቸው ላይ ባለው ወረቀት ላይ በዝግታ አስቀመጡ። «የሚያወሩኝ ስለ ጆሮ ፈተናው ነው።»

«እኔ የማወራው ስለ ቁልፍ ነው።»

«ቁጥሩን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ዘመድዎ ነው?»

ሮትራውት መዋሸት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባት ነበር? «አዎ» አለች።

«እንግዲያው አይንገሩኝ። ቁጥሩን ከነገሩኝ ያንን ወረቀት መንካት አልችልም። ካልነገሩኝ አርባ አንዱንም አያለሁ።» ተነስተው የዳቦ ፍርፋሪውን ከሱሪያቸው አራገፉ። «ሾርባዎ ይቀዘቅዛል፤ ይውረዱ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቲልማን ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ወደ መስኮቱ መጣ። «ሁለቱ ትልልቅ ፒያኖዎች ያሉበትን አዳራሽ ቁልፍ ስጪኝ» አለ። ሳትጠይቀው ነገራት፤ የሚነግረው ሰው ቸግሮት ነበር። ፕሮፌሰሩ አርባ አንዱንም ወረቀት አንድ በአንድ አይተው ሁለቱን ለይተው አወጡ፦ ስምንትንና ሃያ ሦስትን። «‹ልጄ፣ ጥቁሯን ቤ በፈተናህ ውስጥ ስንት ጊዜ መታሃት?› አሉኝ። አንድ ጊዜም አልመታኋትም አልኩ። ‹ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ያልተመታ ድምፅ ስድስት ስድስት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ቦታ ከሰሙ፣ የደነቆረው ማን ነው?› አሉኝ።» ቲልማን ፊቱን አሻሸ። «አሁን ልጆቹ የድምፁን ስም እንዲጠሩ አይጠየቁም። እሳቸው በአንዱ ፒያኖ ይመታሉ፣ ልጆቹ በሌላው ያንኑ ይመቱታል። እኔ መጋረጃ እይዛለሁ።» ሮትራውት ቁልፉን ከሰሌዳው አውርዳ አሻገረችለት። ስምንትም እንዳለ አላወቀችም ነበር። ስለ አንድ ልጅ ብላ ፎቅ ወጥታ፣ ለካ ሌላም ልጅ ነበረ፤ ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ዓይኗን በእንባ ሞላው።

የአዳራሹ በር ይዘጋል፣ ድምፅ ግን በዚያ ቤት በር አያግደውም። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ከላይ መጣ፣ ጎላ ብሎ፣ የፕሮፌሰሩ መሆኑ ያስታውቃል። ጸጥታ። ከዚያ ያው ድምፅ ከሌላ ቦታ፣ ፈራ ተባ እያለ መለሰ። ጥያቄ፣ መልስ። ጥያቄ፣ መልስ። ሮትራውት በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ስምንተኛው ላይ መልሱ ተሳሳተ፤ እሷ እንኳ ሰማችው፤ ክው አለች። ሃያ ሆነ፤ ሰው ተቀየረ። ሁለተኛው ተፈታኝ ሲጀምር መልሱ ጥያቄው እስኪሞት አልጠበቀም፤ ሽማግሌው ሲመቱ ወዲያው ይመልሳል፣ ሲያፈጥኑ ያፈጥናል። አሥረኛው ላይ ፕሮፌሰሩ ተንኮል ጀመሩ፣ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ መቱ፤ ሁለቱም ተመለሱላቸው። ሦስት መቱ፤ ሦስቱም ተመለሱ። ከዚያ ፈተና መሆኑ ቀረ፣ ጨዋታ ሆነ፤ ሁለት ሰዎች በመጋረጃ ግራና ቀኝ ሆነው ያወሩ ነበር። ሮትራውት የትኛው ተፈታኝ ማን እንደሆነ አላወቀችም። ግን ጆሮዋን በመስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ የእኛ ቤት ማለት ይሄ ነው፣ አለች ለራሷ፤ ከከሰሉ ጡብም፣ ከአሥራ ሰባቱ ፒያኖም የሚበልጥ መሰላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ በቁጥር ብቻ። በቪዮላ ሥር ሃያ ሦስት ተጽፏል። ስምንት በፒያኖዎቹ ሥር አልነበረም፤ ጆሮው አልፎ መጫወቱ አላበቃውም። ረጅም ልጅ ነው፤ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ መስኮቱ መጥቶ ቁልፉን በሁለት እጁ መለሰ፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» አለ። ሮትራውት ስሙን ከቁልፉ መዝገብ ላይ አይታ በልቧ ያዘችው። ኢሞገን ግን ደንቡም ሰልፉም ጠፍቶባት በመስታወቱ በር ገብታ ተጠመጠመችባት፤ «አክስቴ፣ አክስቴ፣ ገባሁ» እያለች። በዚያች ቅጽበት ፕሮፌሰር ዛይፈርት ባርኔጣቸውን ይዘው ደረጃውን ይወርዱ ነበር። ቆሙ። ልጅቷን አዩ፣ ሮትራውትን አዩ። ሮትራውት ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ።

«የራሳችንን ስህተት ነው ያረምነው። ለዚህ አይመሰገንም» አሉና የአዳራሹን ቁልፍ መስኮቱ ላይ አስቀመጡላት። በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ። «ወይዘሮ ኤንደርላይን፣ የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት አንዲት የቪዮላ ተማሪ ነበረችኝ። ልክ እንደዚች ልጅ ነበር የምትመልሰው፣ ጥያቄው ሳያልቅ።» መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

ኢሞገን ቪዮላዋን ልታመጣ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ሮትራውት የመስኮቱን ስልክ አነሳች። ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የሊንደን ዛፎቹ ሽታ በበሩ ይገባል። ሊድስ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። የገና በዓል አይደለም፤ አኔግሬት የእህቷን ድምፅ በሰኔ ስትሰማ ደነገጠች።

«ምን ሆነች?»

«ገባች።»

ሮትራውት የእህቷን ዝምታ ለሠላሳ አራት ዓመት ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን አልታገሰችውም። «ልትወድቅ ነበር፣ አኔግሬት። ሃን ቤ ብላ ጻፈች። ቋንቋውን ሁሉ አስተምረሻት አንዲት ፊደል እንዴት ደበቅሽባት? እኔም ረሳሁ፣ የኔም ጥፋት ነው። ግን አንቺ እንዴት?»

«አልደበቅሁባትም» አለች አኔግሬት። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ማለት አቃተኝ። ያቺን ፊደል ባልኩ ቁጥር ክፍሉ ነው የሚታየኝ። እማዬ ነች የምትታየኝ። አንቺ ነሽ የምትታዪኝ፣ ብቻሽን።» ተነፈሰች። «የሃ ክፍል መስኮት አሁንም አይዘጋም?»

ሮትራውት ወደ ሰሌዳው ዞረች። «አይዘጋም» አለች። «በጥቅምት ለአዳዲሶቹ ኮንሰርት አለ። ቤተሰብ ይመጣል። ሌሎቹ እናቶች ሁሉ ይመጣሉ።»

«በዚያ በር መግባት አልችልም፣ ሮትራውት። እግሬ አይታዘዘኝም።»

«በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ከምድር ቤት ኢሞገን ቪዮላዋን ስትቃኝ ይሰማል። ከዚያ አኔግሬት፣ እንደ ልጅነቷ፣ አንሾካሾከች፦ «እንግዲያው እንትፍ በይልኝ።»

ሮትራውት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ግራ ትከሻዋ ዞር አለችና እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለች። የቁልፍ ሰሌዳውን እንጨት ከሃ ሥር ሦስቴ አንኳኳች። ከዚያ ጆሮዋን ሰጥታ፣ ልቧ ተንጠልጥሎ ጠበቀች።

አኔግሬት አላመሰገነችም። ስልኩን እንደያዘች፣ እየተነፈሰች፣ ዝም አለች።